ቁጥሩ ወጣ፣ እኔስ?

መጀመሪያ ያየሁት ልብስ ሳጥብ ነው። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እግሬን ሳይ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ባቴ ድረስ ቀያይ ነጠብጣብ ወርሶታል። ቁንጫ ነው ብዬ አለፍኩት። ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲገባ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቁንጫ ብርቅ አይደለም። ግን አያሳክክም። በጣቴ ስጫነውም አይደበዝዝም። የቁንጫ ንክሻ ሲጫኑት ትንሽ ይጠፋል፣ ይሄ ግን በቀይ እስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ ይመስል ንቅንቅ አይልም።

በሦስተኛው ቀን ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ደማ። በአምስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነሰረኝ። ጠመኔውን ጥዬ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ውኃ አምጥተው ግንባሬ ላይ አፈሰሱልኝ። ነስሩ የቆመው ደወል ተደውሎ፣ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜም ሊያልቅ ሲል ነው። ማታ እማዬ ክንዴ ላይ የበለዘውን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንች ልጅ፣ ማን መታሽ?» አለችኝ። ማንም አልመታኝም፣ የትም አልተጋጨሁም። ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ምንም አልተናገረም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አንዷ ጎረቤት ምች ነው አለች፣ ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ጠበል ሄድኩ። በመሄዴ አልጸጸትም፣ ልቤን አሳርፎልኛል። የምጸጸተው በሌላ ነው። ወገቤን ሲያመኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁና ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ። ደሜን ያየው የለም፣ እግሬን ያየው የለም። በማግስቱ የተወጋሁበት ቦታ አብጦና ጠቁሮ መቀመጥ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ፣ ወይም ያለ ምክንያት መበለዝ ያለበት ሰው ሲቢሲ፣ ማለት የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ሳይሠራ ጡንቻው ላይ መወጋት የለበትም። ዳይክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም ያሉትን ጥቂት ፕላትሌቶች፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ትንንሽ የደም ሕዋሳት፣ ሥራ ያስፈታሉ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም፣ ስለዚህ እኔ እነግራችኋለሁ።

በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ደረስኩ። ሲቢሲ ተሠራ። የላብራቶሪው ልጅ ውጤቱን አላመነም፣ ደሙን መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ እንደገና አየው። ፕላትሌት 6,000። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 አለው። ዶክተሯ ጣፊያዬን ዳሰሰች፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶችን አስመረመረች፣ ሌላ ምክንያት ሲጠፋ «አይቲፒ ይባላል» አለችኝ። የሰውነቴ መከላከያ የራሴን ፕላትሌቶች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ ምልክት ያለባቸውን ደግሞ ጣፊያዬ እየለቀመ ይበላቸዋል። መቅኔዬም የጎደለውን በሚገባው ፍጥነት አይተካም። «ካንሰር ነው?» አልኳት። «አይደለም» አለችኝ። እዚያው አልቅሼ ወጣሁ።

የበሽታው ምንጭ ደም ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ እንዴት እንደታወቀ ኋላ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም ይሄ በሽታ ካለበት ታካሚ ደም አስቀድቶ ወደ ራሱ ደም ሥር አስገባ። በሰዓታት ውስጥ የራሱ ፕላትሌት ተንኮታኩቶ ወረደ፣ ራሱን ስቶ ተንፈራገጠ፣ ቆዳው ላይም ነጠብጣቡ ወጣ። በቀናት ውስጥ አገገመ። ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሄን አይፈቅድም፣ ባይፈቅድም ልክ ነው። ግን ሰውየው የሞከረው በራሱ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ በሽታ መድኃኒት ሙከራ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ የተሞከረበት ሰው ምን ተሰማው?

ወደ እኔ ልመለስ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ የሰውነት መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት ጀመርኩ፣ በቀን 60 ሚሊ ግራም። ባለ 5 ሚሊ ግራሟ ፍሬ ናት ያለችው፣ ስለዚህ በየጠዋቱ 12 ፍሬ መዳፌ ላይ እቆጥራለሁ። አንዷ አፍ ውስጥ ከቆየች ምሬቷ እስከ ምሳ አይለቅም። ከቁርስ በኋላ ነው የሚዋጠው። የነቢያት ጾም ሲገባ ጨነቀኝና የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ብይና ዋጪ፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት 88,000 ገባ። በአራተኛው 140,000። ዶክተሯ ደስ ብሏት «ቁጥርሽ ቆንጆ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነስሩ ቆመ፣ ነጠብጣቡ ጠፋ። እኔ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ዓይኔ ፈጦ ጣሪያ አያለሁ። ይርበኛል፣ በልቼ ሳልጨርስ ይርበኛል። ትንሽ ነገር ያስቆጣኛል፣ ልጆቹ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ፊቴ ክብ ሆነ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ኧረ ተስማምቶሻል! ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይለኛል። ከፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ።

ከሁሉም የባሰው የጭኔ ድካም ነው። ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን ቀድቼ ከበርጩማ ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ አለኝ። ሰው ፊት ነው። እጄን መሬት ላይ ተደግፌ፣ እንደ አሮጊት፣ በሁለት ደረጃ ተነሳሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለዶክተሯ ነገርኳት። ወረቀቱን አየች፣ «140,000 ነሽ እኮ» አለችኝ። ክፋት ኖሯት አይደለም። ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዛት ያስፈራል። ቢሆንም ቁጥሩ ወጣ፣ እኔስ የት ደረስኩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጣሁ።

ከዚያ መድኃኒቱ ቀስ እያለ መቀነስ ጀመረ። 15 ሚሊ ግራም ላይ ስደርስ ፕላትሌቴ 18,000 ወረደ። እንደገና ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። በመሃል መንገድ ተዘጋ፣ የአራት ቀን መድኃኒት ብቻ ቀረኝ። ፕሬድኒሶሎን ብዙ ሳምንት ከተወሰደ በኋላ በአንዴ አይቆምም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ተኝቷል፣ ድንገት ቢያጣው ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ቡሬ ያለች የሥራ ባልደረባዬ ገዝታ በእግረኛ ላከችልኝ። ሦስት ስትሪፕ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ። እግዜር ይስጣት።

መንገድ ሲከፈት ዶክተሯ አዲስ ነገር አነሳች። «ሁለተኛ መድኃኒት ብንጨምርበትስ?» ማይኮፌኖሌት የሚባል፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት። አስቢበት ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ ፋርማሲስት የሆነ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ደወልኩለት። «እትዬ፣ ይሄ በደንብ ተጠንቷል፣ ቆይ አንብቤ ልንገርሽ» አለኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ማታ ፈጀብን።

ጥናቱ የተደረገው እንግሊዝ አገር ነው። በ39 ሆስፒታሎች፣ 120 ሰዎች፣ ከ17 እስከ 87 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ሕክምና ገና የሚጀምሩ። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሲጀምሩ የፕላትሌታቸው አማካይ 7,000 ነበር። እዚህ ጋ አስቆምኩት። እኔ 6,000 ነበርኩ። የማላውቃቸው 120 ሰዎች ድዳቸው ሲደማ፣ ክንዳቸው ሲበልዝ ታየኝ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 61ዱ የተለመደውን እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለውን ስቴሮይድ ብቻ ወሰዱ፣ 59ኙ ስቴሮይዱን ከማይኮፌኖሌት ጋር።

ይሄን ለአባቴ ስነግረው ተቆጣ። «ሰው በዕጣ ይታከማል እንዴ? ዕጣ ለመሬት ነው፣ ዕጣ ለዕቁብ ነው» አለ። ገበሬ ነው፣ ጅጋ አካባቢ። እኔም መጀመሪያ የተሰማኝ እንደሱ ነው። ለግማሹ ሰጥቶ ግማሹን መከልከል ግፍ መሰለኝ። አስቤ አስቤ ግን አዲሱ የበቆሎ ዘር ሲመጣ ያደረገው ትዝ አለኝ። «አባዬ፣ የዚያን ዓመት ማሳውን ለሁለት ከፍለህ አልነበር? ግማሹን በአዲሱ፣ ግማሹን በነባሩ?» አልኩት። «አዎ፣ ካላነጻጸርኩማ በምን አውቃለሁ?» «አዲሱን ጓሮ አጠገብ ለም መሬት ላይ፣ ነባሩን ድንጋያማው ላይ ብትዘራውስ?» ሳቀ። «ያማ ራስን ማታለል ነው፣ ያፈራው መሬቱ ይሁን ዘሩ አይለይም» አለ። ዕጣው ለዚህ ነው አልኩት። ሐኪሙ ደህና ደህናውን ሰው ለአዲሱ መድኃኒት እንዳይመርጥ፣ ወይ ደግሞ በጣም የታመመውን አዝኖለት ወደ አዲሱ እንዳይልከው ነው። ያልደረሰውም ባዶ እጁን አልቀረም፣ ዓለም ሁሉ የሚሰጠውን ሕክምና አግኝቷል። ደግሞስ ዕጣው ሲወጣ የትኛው ወገን ዕድለኛ እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር? አባቴ ትንሽ ቆይቶ «እንዲያ ከሆነ መልካም ነው» አለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ «የዚያ የዕጣው ነገር ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ስቴሮይድ ብቻ ከወሰዱት 61 ሰዎች 27ቱ ሕክምናው ከሸፈባቸው፣ ማለት ፕላትሌታቸው ከ30,000 በታች ወርዶ ወደ ሌላ መድኃኒት ተሻገሩ። ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 59 ሰዎች 13ቱ ብቻ። ከመቶ 44 እና ከመቶ 22 ማለት ነው፣ በግማሽ ቀነሰ። ስሰማው ከወንበሬ ተነሳሁ። ነገ ልጀምር ነው አልኩት።

«እትዬ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለኝ።

የደም መፍሰሱ በሁለቱ ወገን ልዩነት አልታየበትም። ኢንፌክሽንም ቢሆን እንደተፈራው በድርብ ሕክምናው አልበዛም፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ሰዎቹን ጠይቀዋቸዋል። ኑሮ እንዴት ነው፣ ሰውነትህ ይታዘዝልሃል ወይ፣ ይደክምሃል ወይ እያሉ መጠይቅ አስሞልተዋቸዋል። ሁለቱን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች ድካማቸውም ሰውነታቸው ለሥራ መታዘዙም የባሰ ሆኖ ተገኘ። ፕላትሌታቸው የተሻለው ሰዎች ናቸው የባሰ ደከመን ያሉት።

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። የበርጩማዋ ነገር ናት የመጣችብኝ። በሩቅ አገር ያሉ ሐኪሞች ያንን ጥያቄ አንስተው፣ መልሱን ከፕላትሌቱ ቁጥር ጎን አስቀምጠውታል። ለመድኃኒታቸው የማይመች መልስ ነው፣ ሊያሳንሱት ይችሉ ነበር፣ አላሳነሱትም። እኔ የሙከራ ጥናት ማለት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአክስቴ ልጅ ጠንቃቃ ነው፣ ሁለት ነገር ጨመረልኝ። አንደኛ፣ ሙከራው ግልጽ ነበር። ማን ምን እንደሚወስድ ሰዎቹም ሐኪሞቹም ያውቃሉ፣ የውሸት ፍሬ አልተሰጠም። ሰው ሁለት ከባድ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን ሲያውቅ ያ በራሱ ድካሙን ሊያከብድበት ይችላል። ሁለተኛ፣ እነሱ ጀማሪዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ተሽሎኝ የተመለሰብኝ ነኝ። የእነሱ ውጤት ለእኔ ልክ የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ሌላም ድርብ ሕክምና ተሞክሯል። ሪቱክሲማብ የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ዴክሳሜታዞን በሚባል ሌላ ስቴሮይድ ላይ ደርበው፣ ዴክሳሜታዞንን ብቻ ከመውሰድ ጋር ጣሊያን ውስጥ አነጻጽረውት ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት። ከስድስት ወር በኋላ ፕላትሌታቸው ጸንቶ የቆየላቸው በድርቡ ከመቶ 63፣ በዴክሳሜታዞን ብቻ ከመቶ 36 ናቸው። ደስ ይላል። ዋጋው ግን የአስተማሪ ደመወዝ የሚደርስበት አይደለም። ደግሞ ሪቱክሲማብ የተኛ የጉበት ቢ ቫይረስን ይቀሰቅሳል፣ ሳይመረመሩ መጀመር አደጋ ነው። ጉበት ቢ እኛ አገር ስንቱ ቤት ውስጥ እንዳለ እናውቃለን።

እዚህ ላይ ልቤ ይነዳል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሌላ መድኃኒት ላይ ሲደረብ እንግሊዝ አገር ያለ ሰውና ጎጃም ያለ ሰው እኩል አይደሉም። ተኝቶ የኖረ የሳንባ ነቀርሳ አለ። በባዶ እግር በኩል የሚገባ፣ ዓመታት አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል አለ፣ ስትሮንጊሎይድስ ይሉታል፣ ስቴሮይድ ሲያገኝ በሰውነት ሁሉ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ኤች ፓይሎሪም አለ፣ ጨጓራ ያላመመው ሰው ማን አለ? ይሄ ባክቴሪያ ሲታከም ፕላትሌታቸው የሚወጣላቸው የአይቲፒ ታካሚዎች አሉ። ታዲያ የእኛ ሰው ላይ የሚደረብ መድኃኒት በእኛ ሰው ላይ ለምን አይሞከርም? የዕጣ ሙከራ እዚሁ ቢደረግ እኔ እገባለሁ። ስቴሮይድ ብቻ ቢደርሰኝም እገባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው፣ መጠይቁ ላይ ስለ ድካም ይኑርበት፣ ከበርጩማ ስለ መነሳት ይኑርበት፣ በአማርኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማትችለው እናትም ተቀምጦ የሚያነብላት ሰው ይኑር።

ወደ ቀጠሮዬ ስሄድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከሁለት ወር በፊት የጀመርኩት ነው፣ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በግራ ፕላትሌትና የመድኃኒት መጠን፣ በቀኝ የዋልኩት። «ውኃ ከቧንቧ ቀዳሁ፣ ሁለት ጊዜ አረፍኩ።» «ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ አስተማርኩ።» «ሌሊት 9 ሰዓት ተኛሁ።» ለዶክተሯ ሰጠኋት። መጀመሪያ ግራውን አነበበች፣ ልማድ ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀኙን ከላይ ጀምራ አነበበችው። ገጹን ገለጠች፣ የሚቀጥለውንም አነበበች። «ይሄ ለምን ያህል ጊዜ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ በደንብ አወራን። ልጅ አስበሻል ወይ አለችኝ። አዎ፣ ካገባን ሁለት ዓመታችን ነው። ማይኮፌኖሌት ጽንስ ይጎዳል፣ የሚወስዱ ሴቶች አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ መያዝ አለባቸው። በዚያ ላይ ድካሙ። ይቅርብኝ አልኳት፣ ተስማማች። ዕድሜው የገፋ፣ ወይ ልጅ የማያስብ፣ ድካምን ችሎ ከነስር መገላገል የሚፈልግ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፣ መብቱም ነው። ለእኔ ፕሬድኒሶሎኑ በጣም በዝግታ እንዲቀንስ ተደረገ። የኤች ፓይሎሪ ምርመራ አዘዘችልኝ፣ ተገኘብኝ፣ የሁለት ሳምንቱን መድኃኒት ጨረስኩ። ከ30,000 በላይ ከሆንኩና ካልደማሁ መድኃኒት የግድ አያስፈልገኝም አለች። 140,000 መድረስ የለብኝም ማለት ነው። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ባለፈው ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ «ታዲያ ዕጣው?» አለኝ። ደብተሩን አሳየሁት። ማንበብ አይሆንለትም፣ ባለቤቴ ጮክ ብሎ አነበበለት፣ እስከ ዓርቡ ድረስ። የዓርቡ እንዲህ ይላል።

ግራ፦ 41,000። ፕሬድኒሶሎን 5፣ አንድ ፍሬ።

ቀኝ፦ አራት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተማርኩ። ባቴ ላይ ሁለት ነጠብጣብ አለ። ማታ ቡና አፈላሁ፣ ከበርጩማዬ ሳልደገፍ ተነሳሁ።